አንድ እፍኝ ዘቢብና 5 ኪሎ ሜትር፦ የዴቪሶቹ 11 ሯጮች ጉዳይ

ቅዳሜ ጠዋት ከሩጫ በኋላ ሻይ ቤት ቁጭ ስንል የማይቀር ክርክር አለን። አብራን ከምትሮጥ አንዲት ልጅ ኪስ ዘቢብ አይጠፋም። ረጅም በምንሮጥበት ቀን ግማሹን መንገድ ላይ ትበላዋለች፤ የተረፈውን ሻይ ቤት ትጨርሰዋለች። በዕድሜ ትልቃችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ይህን ሲያዩ ዝም አይሉም። እናታቸው በስኳር በሽታ ብዙ ዓመት ተሠቃይተዋል።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ ስኳር ነው!"

"ጋሼ ደግሞ! ፍራፍሬ እኮ ነው። ማንም ምንም አልጨመረበትም።"

ሁለቱም ልክ ናቸው። ዘቢብ ፍራፍሬ ነው። ዘቢብ ስኳርም ነው። የሚያጣላቸው "ተፈጥሯዊ" የሚለው ቃል ይመስለኛል። እሷ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ስኳሩ የማይቆጠር ይመስላታል። እሳቸው ደግሞ ስኳር ከሆነ ለማንም፣ መቼም አይበጅም ባይ ናቸው። ክርክሩን በቃል ከማራዝመው አንድ ጉዳይ ልንገራቸው ብዬ ተነሣሁ። ሯጮች በሥራ ላይ ሆነው የተለኩበት ጉዳይ ነው። እዚህም በዝርዝር ላስቀምጠው።

ዴቪስ ላይ የሆነው

ዴቪስ በሰሜን ካሊፎርኒያ ያለች የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ ከሳክራሜንቶ ብዙም አትርቅም። እዚያ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በፈረንጆች 2012 አንድ ጥናት አሳተሙ። 11 ወንድ ሯጮችን ይዘው የተነሡት በቀላል ጥያቄ ነው። ረጅም ሩጫ መሃል ኃይል የሚሰጠው ለስፖርተኛ ተብሎ በፋብሪካ የተሠራው የሚታኘክ ከረሜላ ብቻ ነው? ወይስ ተራው ዘቢብም ያንኑ ይሠራል?

እያንዳንዱ ሯጭ ሦስት ጊዜ ሮጠ። በየሙከራው መካከል የሰባት ቀን ልዩነት ነበር። አንዱን ቀን ዘቢብ፣ አንዱን ቀን ከረሜላ፣ አንዱን ቀን ውኃ ብቻ ተሰጣቸው። ቅደም ተከተሉ በዕጣ ነበር። ይህን አሠራር እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ሯጩ የሚወዳደረው ከራሱ ጋር ነው። ፈጣኑ ሰው ዘቢብ ደርሶት፣ ቀርፋፋው ውኃ ደርሶት ውጤቱ ተዛባ የሚል ጥርጣሬ አይነሣም።

ከዋናው ሩጫ በፊት ግላይኮጅናቸውን እንዲያሟጥጡ ተደረገ። ግላይኮጅን ማለት ሰውነታችን በጡንቻና በጉበት የሚያከማቸው ስኳር ነው። ጎተራ በሉት። ጎተራው ሙሉ ከሆነ መንገድ ላይ የተበላው ነገር ምን እንደሠራ በግልጽ ላይታይ ይችላል። ጎተራው ሲጎድል ግን እያንዳንዷ እፍኝ ትታወቃለች።

ከዚያ ትሬድሚል በሚባለው የመሮጫ ማሽን ላይ 80 ደቂቃ ሮጡ። ፍጥነቱ ሰውነታቸው ሊጠቀም ከሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን 75 በመቶ የሚጠይቅ ነበር። ለማያውቀው ሰው ላስረዳ። በዚህ ፍጥነት እየሮጡ አንድ ሁለት ቃል ማውጣት ይቻላል፤ ወሬ ማውራት ግን አይታሰብም። ያን ያህል ጊዜ ሮጠው ሳያበቁ ደግሞ 5 ኪሎ ሜትር ባላቸው አቅም ሁሉ እንዲሮጡ ተደረገ። ሰዓት የተያዘው እዚህ ላይ ነው።

ሰዓቱ ምን አለ

ዘቢብ የበሉ ቀን 5 ኪሎ ሜትሩን በአማካይ በ20.6 ደቂቃ ጨረሱ። ከረሜላ የበሉ ቀን በ20.7 ደቂቃ። ውኃ ብቻ የጠጡ ቀን በ21.6 ደቂቃ። ወደ ደቂቃና ሰከንድ ስንመልሰው 20 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ፣ 20 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ እና 21 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ መሆኑ ነው። በዘቢብና በከረሜላ መካከል ያለችው የስድስት ሰከንድ ልዩነት ከቁጥር የምትገባ አይደለችም። ከውኃው ጋር ያለው ልዩነት ግን አንድ ሙሉ ደቂቃ ነው። 5 ኪሎ ሜትር ሮጦ የሚያውቅ ሰው አንድ ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል። ፊት ለፊት የምታየው ሰው ከዓይንህ ይጠፋል።

እኔን ከሁሉም በላይ ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። በ80ው ደቂቃ ውስጥ የልብ ምታቸው በሦስቱም ቀን ተመሳሳይ ነበር። ድካሙ ስንት ነው ተብለው ሲጠየቁም የሰጡት መልስ አልተለያየም። ማለትም ያገኘውም ሆነ ያጣው ነገር ለሯጩ ራሱ አልተሰማውም። "ደህና ነኝ፣ ምንም አልፈልግም" ብሎ ይሮጣል። ዕዳው የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ፍጥነት ጨምር ሲባል ነው። እኛም ጋ በየሳምንቱ የማየው ይህንኑ ነው። 15 ኪሎ ሜትር ድረስ ሳቅና ጨዋታ የነበረ ሰው 20 ላይ ፊቱ ይጠቁራል።

ውስጥ ውስጡን ግን ልዩነት ነበር። ሯጮቹ የሚተነፍሱት አየር ሲለካ ምን እያቃጠሉ እንደሚሮጡ ይታወቃል። ከረሜላ በበሉበት ቀን ካቃጠሉት ውስጥ 74.4 በመቶው ከካርቦሃይድሬት ነበር። በዘቢቡ ቀን 70 በመቶ፣ በውኃው ቀን 65.1 በመቶ። በውኃው ቀን ኢንሱሊናቸው ዝቅ ብሎ፣ ደማቸው ውስጥ ያለው የስብ መጠን ከፍ ብሎ ተገኘ። ሰውነት ስኳር ሲያጣ ወደ ስቡ ዞሯል ማለት ነው። ስብ ብዙ ነው፣ አያልቅም፤ ችግሩ በፍጥነት ለሚሮጥ ሰው ቶሎ አይደርስም።

ሆድስ? ብዙ ሰው ዘቢብን የሚፈራው በሆዱ ነው። እነዚህ ሰዎች ላይ የታየው የሆድ መረበሽ በሦስቱም ቀን ቀላል ነበር።

የወጥ ቤት ሚዛኑ ላይ

ታሪኩን ስጨርስ ልጅቷ "አላልኳችሁም!" አለች። ጋሼ ዝም አሉ። እኔ ግን ለሁለቱም የማሳየው ነገር ነበረኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የወጥ ቤት ሚዛኔን ይዤ መጣሁ። የሻይ ቤቱ ልጅ ምን ልንሸጥ እንደሆነ ግራ ገብቶት ሲያየን ነበር።

የእሷን ዘቢብ ሲኒ ማስቀመጫ ላይ አፍስሰን 40 ግራም መዘንን። በእጅ ስታፍሰው አንድ ትንሽ እፍኝ ነው። ቆጠርነው፤ 78 ፍሬ ሆነ። ከዚያ ከሻይ ቤቱ ስኳር በሻይ ማንኪያ እየለካሁ አጠገቡ ቆለልኩ። ስድስት ማንኪያ። 40 ግራም ዘቢብ ውስጥ ወደ 25 ግራም የሚጠጋ ስኳር አለ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ደግሞ 4 ግራም ገደማ ነው። ልጅቷ ሁለቱን ክምር አፈራርቃ አየች። ሻይዋን ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው።

"ይሄ ሁሉ?" አለች ቀስ ብላ።

ይሄ ሁሉ። ማንም አልጨመረውም፣ እውነቷን ነው። ትኩስ የወይን ፍሬ 100 ግራሙ ውስጥ 15 ወይም 16 ግራም ስኳር አለው። አብዛኛው ውኃ ነው። የካሊፎርኒያ ዘቢብ የሚመጣው ከፍሬዝኖ አካባቢ ካሉ የወይን እርሻዎች ነው። እዚያ ወይኑ ከተቆረጠ በኋላ በእርሻው መደዳ መሃል ወረቀት ላይ ተዘርግቶ ሁለት ሦስት ሳምንት ፀሐይ ይመታዋል። ውኃው ይሄዳል፣ ስኳሩ ይቀራል። አንድ ኪሎ ዘቢብ ለማግኘት አራት ኪሎ ገደማ ወይን ያስፈልጋል። በመጨረሻ 100 ግራም ዘቢብ ውስጥ ከ60 ግራም ያላነሰ ስኳር ይገኛል።

እኔ ዘቢብን መጀመሪያ ያወቅኩት ከዕጣን ጋር ነው። እናቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ዕጣንና ዘቢብ ትይዛለች። ደርቆ የተሸበሸበው ፍሬ በውኃ ተዘፍዝፎ ለቅዱስ ቁርባን ወይን እንደሚሆን ሲነግሩኝ ልጅ ሆኜ ገርሞኝ ነበር። አሁን ሳስበው ነገሩ ሁሉ እዚያው ውስጥ አለ። ፀሐይ የወሰደችው ውኃውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ዘቢብ ሯጭን የሚረዳው ስኳር ስለሆነ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ለማለት ብዙ ሰው ያፍራል። "ዘቢብ ይጠቅማል" ለማለት ስኳሩን ደብቆ ስለ ቫይታሚኑና ስለ ብረቱ ማውራት ይቀናዋል። የዴቪሱን አንድ ደቂቃ ያመጣው ግን ቫይታሚን አይደለም። ከረሜላው ዘቢቡ ያለው ነገር ሁሉ ሳይኖረው እኩል መጣ። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ቢኖር ስኳር ነው።

ሁለቱ በሮች

ዘቢብ ለዚህ ሥራ የተመቸበት አንድ ምክንያት የስኳሩ ዓይነት ነው። ግማሽ በግማሽ ያህል ግሉኮስና ፍሩክቶስ ነው። አንጀታችን ሁለቱን በአንድ በር አያስገባቸውም። ግሉኮስ የራሱ በር አለው፤ በሰዓት ወደ 60 ግራም ካስገባ በኋላ ይጨናነቃል። ፍሩክቶስ በሌላ በር ስለሚገባ ሁለቱ ሲቀላቀሉ በሰዓት እስከ 90 ግራም ድረስ መጠቀም ይቻላል። ውዶቹ የስፖርት ጄሎች ግሉኮስና ፍሩክቶስ የሚቀላቅሉት ለዚህ ነው። ወይን ይህን ድብልቅ ከዛፉ ላይ ይዞ ይመጣል።

ፍሩክቶስ ግን በቀጥታ ወደ ጡንቻ አይሄድም። አብዛኛው መጀመሪያ ጉበት ውስጥ መለወጥ አለበት። በዘቢቡ ቀን የተቃጠለው ካርቦሃይድሬት ከከረሜላው ቀን ትንሽ ያነሰው በዚህ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የእኔ ግምት ነው።

ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ለሚቆይ ስፖርት የሚመከረው በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። 40 ግራም ዘቢብ 31 ግራም ያህል ይሰጣል። ያቺ የሲኒ ማስቀመጫ ላይ ያለች ክምር የአንድ ሰዓት ዝቅተኛው መጠን ናት ማለት ነው።

ይህ ለሁሉም የደረቀ ፍራፍሬ አይሠራም። ተምር ይሠራል፤ ስኳሩ ከዘቢብ አያንስም፣ ትልቁ ዓይነት አንዱ ፍሬ ብቻ 16 ግራም ያህል ይይዛል። የደረቀ ፕሪም ግን ለሩጫ መንገድ አይሆንም። ሶርቢቶል የሚባል ሆድ የሚያላላ ነገር አለው፤ የሆድ ድርቀት ላለበት ሰው የሚመከረውም ለዚሁ ነው። የደረቀ አፕሪኮት አሰሩ (ፋይበሩ) በዛ ይላል። አንዴ ሰንዳፋ መንገድ ላይ ልሞክረው ብዬ አንድ ሙሉ እፍኝ በላሁ። የቀረውን መንገድ ሆዴን ይዤ ጨረስኩ። የታሸገ ክራንቤሪ ስትገዙ ደግሞ ጀርባውን አንብቡ። ፍሬው በተፈጥሮው ስለሚኮመጥጥ ብዙ ጊዜ ስኳር ይጨመርበታል፤ "ማንም አልጨመረበትም" የሚለው ክርክር እዚያ ላይ ያበቃል።

ጥናቱ ላይ ያለኝ ቅሬታ

ይህን ጉዳይ ስናገር የማልደብቀው ነገር አለ። ገንዘቡን የሰጠው የካሊፎርኒያ የዘቢብ ገበያ ቦርድ ነው። ዘቢብ ሻጮች "ዘቢብ ይሠራል?" ብለው ከፍለው "ይሠራል" የሚል መልስ አገኙ። ይህ ውጤቱን ውሸት አያደርገውም። የተለካው ተጽፏል፣ አሠራሩም ተገልጿል። አንባቢ ግን ይህን ማወቅ አለበት።

ሯጮቹም 11 ብቻ ናቸው። ሴት የለችበትም። ዘቢብ የሚበላ ሰው ዘቢብ እንደሚበላ ያውቃል፤ ውኃ የደረሰውም ውኃ እንደደረሰው ያውቃል። "ዛሬ ባዶ ሆዴን ነኝ" ብሎ ማሰብ ብቻውን እግር ያከብዳል። ጎተራቸው አስቀድሞ መሟጠጡም ልዩነቱን አጉልቶት ሊሆን ይችላል። ማታ ጥሩ በልቶ፣ ጠዋት ቁርስ ቀምሶ የወጣ ሰው ያቺን ሙሉ ደቂቃ ላያገኝ ይችላል። ትሬድሚል ላይ ማኘክና ጉድጓድ በበዛበት መንገድ፣ አቀበት እየወጡ ማኘክም አንድ አይደለም። የዘቢብ ቅርፊት ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ እኛ የምንበላው ዝግ ስንል ወይም ቁልቁለት ላይ ነው።

የቀረው 94 በመቶ

እኛ ጋ ስመልሰው አንድ ሌላ ቁጥር ትዝ ይለኛል። በፈረንጆች 2011 የታተመ ጥናት 10 ታላላቅ ኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮች ለሰባት ቀን የበሉትን መዘነ። ከሚያገኙት ኃይል 64.3 በመቶው ከካርቦሃይድሬት ነበር። በቀን በአማካይ 545 ግራም። በክብደታቸው ሲካፈል ለአንድ ኪሎ 9.7 ግራም ይመጣል። በጣም ከፍተኛ ነው፣ ለሥራቸውም ልክ ነው።

አሁን የልጅቷን 31 ግራም ከዚያ 545 አጠገብ አስቀምጡት። ስድስት በመቶ እንኳ አይሞላም። የቀረው ገበታ ላይ ነው፤ እንጀራው፣ ዳቦው፣ ፓስታው፣ ሩዙ። ዘቢብ ይዞ ምሳ የሚዘል ወጣት ሯጭ ስንቱን አየሁ! ክብደት ይቀንሳል ብሎ እራቱን ይተውና ጠዋት በእፍኝ ዘቢብ 25 ኪሎ ሜትር ሊወጣ ይነሣል። ይህ ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም። ጎተራ በእፍኝ አይሞላም።

ለአጭር ሩጫም ዘቢብ መንገድ ላይ አያስፈልግም። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ሰዓት አካባቢ ለሚጨርሰው ሰው ቤት የበላው ይበቃዋል።

ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ነገሩ ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 በፈረንጆች "ነፃ ስኳር" ከዕለት ኃይላችን ከ10 በመቶ በታች ይሁን ሲል በሙሉ ፍሬ ውስጥ ያለውን ስኳር አልቆጠረም። ማርና የተጨመቀ ጭማቂ ግን ይቆጠራሉ። ስለዚህ ዘቢብ ከለስላሳ ጋር አንድ ነው ማለት ልክ አይደለም። አሰር አለው፣ ፖታሲየም አለው። ግን ደግሞ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። 400 ግራም ትኩስ ወይን በልቶ የሚነሣ ሰው ይጠግባል፤ ያንኑ ያህል ስኳር የያዘው 100 ግራም ዘቢብ ግን ወሬ ላይ ሳይታወቅ ያልቃል። ጥርስ ላይም ይጣበቃል። ስንሮጥ አፋችን ስለሚደርቅ ይብሳል፤ በውኃ ተጉመጥምጦ መዋጥ ለጥርስም ለሆድም ይሻላል።

ልጅቷ አሁን ዘቢቡን ቤት መዝና ትመጣለች። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ በምንሮጥበት ቀን ብቻ 40 ግራም በትንሽ ላስቲክ ትይዛለች። ከ30ኛው ደቂቃ ጀምሮ በየ20 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ ትበላለች፣ ውኃ ትጠጣበታለች። መጀመሪያ ሁሉንም አንድ ላይ በልታ ሆዷ ተነፍቶ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ፈጅቶባት ነው መጠኑን ያገኘችው። ሻይ ቤት የምትጨርሰው ትርፍ ቀርቷል። በሱ ፋንታ እንቁላል ፍርፍር በዳቦ ታዛለች።

ጋሼ ባለፈው ቅዳሜ ላስቲኩን እያዩ "ታዲያ ለእኔስ?" አሉኝ። ጋሼ ስኳር የለባቸውም፤ ግን በየዓመቱ ይመረመራሉ። ስድስት ኪሎ ሜትር ሮጠው ነው የሚመለሱት፣ 40 ደቂቃ ገደማ። "ለእርስዎ መንገድ ላይ አያስፈልግም ጋሼ፤ ቁርስዎ ይበቃል" አልኳቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው ሻያቸውን ሳቡ። ከዚያ ስኳሩን በማንኪያ ቆጥረው ጨመሩ፤ አንድ ብቻ።